«የቀለበታችንን ብር የእንጨት ባቡር በላው!»

ደብዳቤው አራት ገጽ ነው። ሦስቱ ገጽ ምሬት፣ አንዱ ገጽ ደግሞ... ሥዕል! አዎ፣ ሥዕል። እህታችን «ምክር ስጡኝ» ብላ ከላከችልን ደብዳቤ ጋር እጮኛዋ በእርሳስ የሠራው ንድፍ ተያይዟል። አንድ ትልቅ ክብ፣ አንድ ሳጥን፣ በመሃላቸው አንድ ዘንግ፣ ዙሪያውን ደግሞ ቁጥር በቁጥር። ከሥሩ በእሷ እጅ ጽሑፍ «ተቀናቃኜን እዩልኝ!» የሚል ሰፍሯል።

ተቀናቃኝ ሲባል ጠይም፣ ቀጭን፣ ፀጉሯ ወገቧ ላይ የወረደ ነገር የጠበቃችሁ አንባቢያን ካላችሁ እንግዲህ ይቅር በሉን። ይቺኛዋ ከዋንዛ የተሠራች፣ ቁመቷ ከአንድ ክንድ ያልበለጠ የእንፋሎት ሞተር ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህታችን 25 ዓመቷ ነው፤ የቢሮ ሠራተኛ ናት። እሱ 28። ሙያው የቤት ዕቃ ሥራ ነው። ይሠራበት የነበረው ቤት ከተዘጋ ስምንት ወር አለፈው። መጀመሪያ ሰሞን ሥራ ፍለጋ ወጣ፣ ወረደ። ከዚያ አንድ ቀን ማታ በስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ ያያል። አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ከእንጨት ብቻ የሠራው ሞተር ቸክ ቸክ እያለ ይሽከረከራል። በቃ! ከዚያች ሌሊት ወዲህ ልጁ ተለከፈ። የተከራየው ክፍል በመጋዝ ዱቄት ተሞላ። ቡና ሲጠጣ የሚያወራው ስለ ፒስተን፣ ሲተኛ የሚያልመው ስለ መንኮራኩር። ይኼስ ይሁን። ለቀለበት ብለው ሁለቱም ከደመወዛቸው ቆንጥረው ካጠራቀሙት ብር ላይ ሳይነግራት አውጥቶ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያና ሞርሳ ገዛበት።

«ሥራ ፈልግ ስለው ‹ትንሽ ጠብቂ፣ ሊዞር ነው› ይለኛል። ሦስት ወር ሙሉ ‹ሊዞር ነው›! እስካሁን የዞረ ነገር ቢኖር የኔ ራስ ነው። እናቴ ጉዱን ሰምታ ‹በሉ ይብቃ› ብላለች። ልጠብቀው ወይስ ልተወው?» ትላለች እህታችን።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰን ቶሎ ብለን ወደ ፍቅሩ እንገባ ነበር። የዚህኛው የመጨረሻ አንቀጽ ግን ሳቃችንን አስቀረው። እንደ ቀልድ ጣል አድርጋ ያለፈችው ነገር ነው። ልጁ አምስት ኪሎ የሚይዝ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አምጥቷል። ክዳኑን ሊያስበይደው፣ ውኃ ሞልቶ ከሰል ላይ ሊጥደው፣ በቱቦ እንፋሎቱን ወደ ሞተሩ ሊወስድ አስቧል። ለበዓል ዘመድ ሰብስቦ ሊያሳይ! የአከራይዋ ሕፃናት ደግሞ ከክፍሉ በር አይጠፉም...

ስለዚህ ቀለበቱ ይቆየንና በቆርቆሮው እንጀምር።

ቆርቆሮው ዛሬውኑ ይበሳ!

አንድ ሊትር ውኃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ፣ በተለመደው የአየር ግፊት ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ክፍት ድስት ላይ ከሆነ ወጥቶ ይሄዳል፤ ማንም አይጎዳም። ከተበየደ ቆርቆሮ ውስጥ ግን የት ይሂድ? ግድግዳውን ይገፋል። የበለጠ የሚያስፈራው ደግሞ ውኃው ነው። በግፊት ውስጥ የታፈነ ውኃ ከመፍያው ነጥብ በላይ ይሞቃል፣ ግን አይፈላም፤ ተጨምቆ ተይዟላ! ብየዳው በአንድ ቦታ ስንጥቅ ያለች ጊዜ ግፊቱ ድንገት ይወርዳል፣ ከዚያ የጋለ ውኃ ከፊሉ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ያኔ ቆርቆሮው ቦምብ ነው። ነገር ማካበዳችን አይደለም።

«አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ ቶሎ ይፈላል፣ ስለዚህ ግፊቱ ትንሽ ነው» የሚል ክርክርም ሰምተናል። ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መፍላቱ እውነት ነው። ይህ ግን ለክፍት ድስት ነው። በታሸገ ዕቃ ውስጥ የከተማው ከፍታ ምንም አያድናችሁም።

ታሪኩም ይመሰክራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1803 ለንደን አጠገብ በግሪኒች፣ ሪቻርድ ትሬቪቲክ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ የሠራው ባለ ከፍተኛ ግፊት ሞተር ፈንድቶ 4 ሰዎች ሞቱ። ትሬቪቲክ ከዚያ በኋላ በቦይለሮቹ ላይ ሙቀት ሲበዛ ቀልጦ እንፋሎቱን የሚያስተነፍስ የእርሳስ ብረት ውታፍ ጨመረ። በ1865 ደግሞ «ሱልታና» የተባለችው የእንፋሎት መርከብ በአሜሪካ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ቦይለሮቿ ፈንድተው ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። አብዛኞቹ ከጦርነት ምርኮ ተርፈው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ወታደሮች ነበሩ። እነዚህ እንግዲህ በባለሙያ የተሠሩ ወፍራም ቦይለሮች ናቸው። የቀለም ቆርቆሮ አይደሉም!

ቤታችሁ ፕሬዠር ድስት ካለ ክዳኑ ላይ «ፍስስ» የምትለዋን ነገር ተመልከቷት። የዚያ ድስት ቅድመ አያት በ1679 ዴኒ ፓፓን የተባለ ፈረንሳዊ የሠራው ነው። ግፊት ሲያልፍ ራሱን የሚከፍት መተንፈሻም አብጅቶለታል። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ብልሃት እኮ ነው። የወንድማችን ቆርቆሮ ግን ይኼም የለውም። ስለዚህ እህታችን፣ ይህን እንዳነበብሽ ሚስማርና መዶሻ ያዢና ቆርቆሮውን ከታችም ከላይም ብሺው። ቢቆጣ ይቆጣ። «ጋዜጣው ነው ያለው» በዪው።

ሞተሩ የሚገፋውን አይጠይቅም

«ታዲያ እንፋሎት ከሌለው ምኑ የእንፋሎት ሞተር ሆነ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንጨትና እንፋሎት አብረው አይኖሩም። እንፋሎት ሲነካው እንጨቱ ያብጣል፣ ክቡ ቀዳዳ ይጣመማል፣ ነጩ ኮላ ይለሰልሳል። በየአገሩ ከእንጨት ሞተር የሚሠሩ ሰዎች ለዚህ ነው በአየር የሚያንቀሳቅሱት። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፒስተን የሚገፋው እንፋሎት ይሁን የጎሚስታ ኮምፕረሰር አይጠይቅም። ከኋላው ግፊት ካለ ይሄዳል፣ በቃ። አሠራሩ፣ አካሉ፣ ቸክቸክታው ሁሉ ያው የእንፋሎት ሞተር ነው።

ደግሞ እንጨት ለእንፋሎት ሞተር ባዕድ ነው ያለው ማነው? በ1712 እንግሊዝ አገር ዳድሊ አካባቢ የቆመው የቶማስ ኒውኮመን ሞተር ከላይ የሚወዛወዘው ግዙፍ ወጋግራ እንጨት ነበር። የፒስተኑን ዳር ዳር አየር እንዳያልፍ የሚዘጋው ደግሞ ቆዳ ሲሆን ከላዩ ውኃ ይቋጥርበታል። አሜሪካኖቹ ከዚህም ብሰው ነበር። በ1801 የፊላደልፊያን ከተማ ውኃ ለሚገፉት ሞተሮች ቦይለሩን ራሱን ከእንጨት ሠሩት! እሳቱ የሚነድበት ክፍል ብቻ ብረት ነበር። ግፊቱ እጅግ ዝቅተኛ ስለነበር አልፈነዳም፤ ግን ያፈስ ነበር፣ ያስቸግር ነበር፣ በኋላም በብረት ተተካ። (ይህችን ለወንድማችን እንዳታነቢለት፤ ሌላ ሐሳብ ይመጣለታል።)

እኛም አገር ባቡር የምንለው ነገር በእንፋሎት ነው የመጣው። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ያስደነቀው የሰርኪስ ባቡር ሐዲድ የሌለው፣ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ነበር። ከጅቡቲ በ1897 ሥራው የተጀመረው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባም ይጎትት የነበረው እንፋሎት ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ ጭስ የለውም። ጭሱን ያዩ አዛውንቶች ግን ዛሬም ያወሩታል።

ለምን አልዞረም?

አሁን ወደ ንድፉ። ሥዕሉን በቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተማረ አንድ ወዳጃችን ዘንድ ይዘን ሄድን። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ደቂቃ ያህል አየውና ሳቀ። ልጁ አላበደም አለ። የመረጠው ዓይነትም ለጀማሪ የሚሆነውን ነው፤ ሲሊንደሩ ራሱ የሚወዛወዘውን።

እንዲህ ነው የሚሠራው። አንድ ቋሚ ሳንቃ አለ። በሳንቃው ታች በኩል ዘንግ ያልፋል። በዘንጉ አንድ ጫፍ ላይ ከባድ መንኮራኩር፣ በሌላው ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ተገጥሟል። በትንሿ ክብ ላይ ከመሃል ወጣ ብላ አንዲት ፒን ተተክላለች። ይህች ክራንክ ናት። ከላይ በኩል ሲሊንደሩ በአንድ ቡሎን ላይ ተንጠልጥሎ ሳንቃውን ተደግፎ እንደ ሰዓት ፔንዱለም ወዲያና ወዲህ ይላል። የፒስተኑ ዘንግ ጫፍ ክራንኳን ይይዛል። ክራንኳ ስትዞር ፒስተኑ ይወጣል፣ ይገባል፤ ሲሊንደሩም ግራና ቀኝ ይወዛወዛል።

ብልሃቱ ያለው ከዚህ ውዝዋዜ ላይ ነው። በሲሊንደሩ ጀርባ ላይ፣ በዝግ ጫፉ በኩል አንድ ቀዳዳ አለ። በሳንቃው ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። አንዱ አየር ማስገቢያ፣ አንዱ ማስወጫ ነው። ሲሊንደሩ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል የሱ ቀዳዳ ከማስገቢያው ጋር ይገጥማል። አየር ገብቶ ፒስተኑን ይገፋል። ወደ ሌላው ወገን ሲያዘነብል ከማስወጫው ጋር ይገጥምና የተጠቀመበትን አየር ይተነፍሳል። ፒስተኑን የሚመልሰው የመንኮራኩሩ ክብደት ነው። ቫልቭ የለ፣ ጥርስ የለ፣ ምን የለ! ሲሊንደሩ ራሱ በሩን ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል።

የወንድማችን ችግር ታዲያ ከዚች በር ላይ ነው። በንድፉ ላይ ክራንኳ ከዘንጉ መሃል 15 ሚሊ ሜትር ትርቃለች። ከዘንጉ እስከ ሲሊንደሩ ቡሎን ድረስ 90 ሚሊ ሜትር ነው። የሲሊንደሩ ቀዳዳ ከቡሎኑ በላይ 30 ሚሊ ሜትር ላይ ነች። እስካሁን ሸጋ። እንግዲህ ቀዳዳዋ ከመሃል ወደ ጎን ምን ያህል ትሄዳለች? 15ን ለ90 አካፍሉ፣ በ30 አባዙ። 5 ሚሊ ሜትር። ወደ ግራ 5፣ ወደ ቀኝ 5። ስለዚህ በሳንቃው ላይ ያሉት ሁለቱ ቀዳዳዎች ከመሃል እስከ መሃል 10 ሚሊ ሜትር መራራቅ አለባቸው። እሱ ያደረጋቸው በ6 ሚሊ ሜትር ነው! ስፋታቸው ደግሞ እያንዳንዳቸው 5። ሲሊንደሩ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም የሱ ቀዳዳ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ትነካለች ማለት ነው። አየሩ በማስገቢያው ገብቶ ፒስተኑን ሳያይ በማስወጫው ይሾልካል። ቢነፋ፣ ቢነፋ... ሦስት ወር!

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁለቱን ቀዳዳዎች በትንሽ የእንጨት ውታፍና ኮላ ደፍኖ፣ ሲደርቅ በ10 ሚሊ ሜትር ርቀት በ4 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ እንደገና መብሳት። የሲሊንደሩንም ቀዳዳ በዚያው 4 ማድረግ። ያኔ መሃል ላይ ሲደርስ ሁለቱም በሮች ዝግ ይሆናሉ። ቀዳዳዎቹን ስትለኩ ግን ቡሎኑን ማዕከል አድርጋችሁ በኮምፓስ 30 ሚሊ ሜትር ቅስት ሥሩና ከቅስቱ ላይ ብሱ። ቀጥ ያለ መስመር ላይ ከበሳችሁ አይገጥምም።

ዋንዛ፣ ወይራ እና የእርሳስ ዱቄት

ደብዳቤው ሲነበብ ዝግጅት ክፍሉ ውስጥ «እኔም ልሞክረው» ያሉ ሁለት ወጣቶች ስለነበሩ፣ ከእናንተም መካከል እንደማይጠፉ ገምተን ወዳጃችንን ስለ ሥራው ጠይቀነዋል።

እንጨቱ ነው ዋናው። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለሲሊንደሩና ለሳንቃው ዋንዛ ጥሩ ነው፤ ለመሣሪያ ይታዘዛል። ለፒስተኑና ዘንጉ ለሚሽከረከርበት ጉርሻ ግን ወይራ። ጠንካራ ነው፣ ሲሻሽ ይለሰልሳል እንጂ ቶሎ አይበላም። አዲስ ጣውላ ገዝቶ በማግሥቱ መብሳት አይሆንም። ወይ ከአሮጌ ዕቃ የተነቀለ ደረቅ እንጨት ፈልጉ (ምናለሽ ተራ ምን የማይገኝ አለ?)፣ ወይ ቤት ውስጥ ሳምንታት አስቀምጡት።

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ወደ ርዝመቱ እምብዛም አይጨምርም፤ ወደ ጎኑ ግን ያብጣል። ያውም ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። የዓመት ክቦቹን ተከትሎ የሚያብጠው ከመሃል ወደ ውጭ ከሚያብጠው እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በታኅሣሥ ክብ አድርጋችሁ የበሳችሁት ቀዳዳ በሐምሌ እንቁላል ሊመስል ይችላል! በበጋ ሲዘፍን የነበረ ሞተር በክረምት ነክሶ የሚቆመው ለዚህ ነው። የሲሊንደሩን ውስጥም ውጭም ስስ ቫርኒሽ መቀባት ይረዳል፤ ፈጽሞ አያድንም። ሰልችቶት የፕላስቲክ ወይም የናስ ቱቦ ቁራጭ ከውስጥ የሚያስገባም አለ። እኛ አንነቅፍም። «ንጹሕ እንጨት ካልሆነ» የሚሉ ግን ይናደዳሉ።

በልጁ ልክ ለመሥራት የሚፈልግ፣ 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ዋንዛ ወስዶ እስከ ጫፍ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይብሳና አንዱን ጫፍ በክዳን ይደፍናል። ቡሎኑ የሚገባው በቁመቱ እኩሌታ ላይ ነው። ሳንቃውን የሚነካው ግድግዳ ወፈር ይበል፣ 15 ሚሊ ሜትር ያህል። ምክንያቱም ቡሎኑ የሚተከለው እዚያ ላይ ነው፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ ፒስተኑን እንዳይወጋው። ፒስተኑ ርዝመቱ 25 ሚሊ ሜትር። ከፒስተኑ አናት እስከ ክራንኳ ፒን መሃል 101 ሚሊ ሜትር። «ለምን 100 አይሆንም?» ላላችሁ፣ ቢሆንም ይሠራል። ቢረዝም ግን ፒስተኑ ላይ ሲደርስ የአየር ቀዳዳዋን ይደፍናታል።

ፒስተኑ እንዴት ይግጠም? ሲሊንደሩን ቀጥ አድርጋችሁ ስትይዙት በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ከዚያ የአየር ቀዳዳውን በጣታችሁ ዝጉና ፒስተኑን ሳቡት። ወደኋላ የሚጎትታችሁ ነገር ከተሰማችሁ ደግ ነው። ካልተሰማችሁ ያስተነፍሳል። ዙሪያውን ጎድጎድ አድርጋችሁ በሰም የተነከረ የጥጥ ክር መጠምጠም ነው። በዚህ ነገር አትናደዱ። ጄምስ ዋትም ተቃጥሎበታል። ዋት በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የመሣሪያ ጠጋኝ ሳለ በ1763 እና በ1764 መካከል አንድ የተበላሸ የኒውኮመን ሞተር ሞዴል ለጥገና ተሰጠው። የኛ ልጅ ክፍል ውስጥ እንዳለችው ያለች ትንሽ ሞዴል! ሞዴሏ ለምን ያን ያህል እንፋሎት እንደምታባክን ሲያስብ ቆይቶ በ1765 ዓለምን የለወጠው ሐሳብ መጣለት፤ እንፋሎቱን ከሲሊንደሩ ውጭ በሌላ ዕቃ ማቀዝቀዝ። ግን ሐሳቡ መጥቶለት፣ በ1769 የፈጠራ መብት አግኝቶም፣ ለዓመታት በትክክል ክብ የሆነ ሲሊንደር የሚሠራለት አጣ። ያዳነው ጆን ዊልኪንሰን የተባለ ብረት ሠሪ የመድፍ አፈሙዝ ለመብሳት ባሻሻለው መሣሪያ ነው።

ሌላው አድካሚ ሥራ ሲሊንደሩና ሳንቃው የሚነካኩበት ገጽ ነው። ፍጹም ለጥ ያለ መሆን አለበት። የመስኮት መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግታችሁ እንጨቱን በላዩ አሹት። ዓይን አይቶ «ለጥ ብሏል» ቢልም አትመኑት፤ ፊቱን በእርሳስ አጥቁሩና እንደገና አሹት። ጥቁሩ በአንድ ጊዜ ከሁሉም ቦታ ከጠፋ ተስተካክሏል። ዘይት አትጠቀሙ፣ እንጨቱ ይጠጣዋል። የእርሳስ ዱቄት ወይም ሻማ ነው የሚለሰልሰው። ቡሎኑ ላይ በሮንዴላና በዳዶ መካከል ለስለስ ያለች ሞላ አድርጉ፤ ሲሊንደሩን ሳንቃው ላይ ታስደግፈዋለች። ጠንካራ ሞላ ካደረጋችሁ ይይዘዋል፣ አይዞርም።

መንኮራኩሩ ስፋቱ 150 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። እንጨት ቀላል ስለሆነ ጠርዙ ላይ ዙሪያውን በእኩል ርቀት ዳዶ ወይም ቡሎን ቅበሩበት። እኩል ካልሆነ ጠረጴዛው ላይ ይዘልላል።

ለመሆኑ ብሩስ?

እሺ፣ ወደ ቀለበቱ። እህታችን፣ እኛ ልጁን እንደ እብድ አላየነውም። ግን አጥፍቷል። የጋራ ብር ነበር፤ ሳይነግርሽ ነክቶታል። ሞተር ቢሠራበት፣ ቢጠጣበት፣ ለጓደኛው ቢያበድረው ለውጥ የለውም። ይህን በግልጽ ንገሪው። «ሥራ ፈት» እያልሽ ሳይሆን «ሳትነግረኝ» ብለሽ። ስምንት ወር ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ወንድ የመጀመሪያዋን ቃል በቀን መቶ ጊዜ ራሱ ለራሱ ይላታል። ካንቺ ሲሰማት ጆሮውን ነው የሚደፍነው። ሁለተኛዋ ግን መልስ የላትም።

ደግሞ እይው፣ ብሩ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። መሰርሰሪያና ሞርሳ ቤት ውስጥ አለ። የቤት ዕቃ ባለሙያ መሣሪያ አግኝቶ በርጩማ፣ ረከቦት፣ የጫማ መደርደሪያ ለጎረቤት ካልሠራ ያኔ ከናትሽ ጋር እንስማማለን። በሳምንት ሦስት ቀን ለገበያ ይሥራ፣ ከሚያገኘው ላይ የቀለበቱ ብር በየወሩ በእጅሽ ይግባ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የሞተሩ ትሁን። ቀን ቁረጡ። እስከዚያ ቀን ብሩ መመለስ ካልጀመረ ጥያቄሽን ደግመሽ ላኪልን፤ ያኔ መልሳችን ሌላ ይሆናል። ለእናትሽም ይህንኑ ንገሪያቸው። ሰው ሥራ ሲያጣ እጁን አጣጥፎ ጫት ቤት ከመዋል እንጨት ማላግ እንደሚሻል እሳቸውም አያጡትም።

ለወንድማችን ደግሞ አንድ ታሪክ። በ1777 ዊሊያም መርዶክ የሚባል የ23 ዓመት ወጣት ከስኮትላንድ ተነስቶ በርሚንግሃም፣ ጄምስ ዋትና ማቲው ቦልተን ዘንድ ሥራ ፍለጋ ሄደ። እንደሚተረከው ቦልተን ሥራ እንደሌለ ነግሮት ሊያሰናብተው ሲል፣ ልጁ በእጁ ይዞ የሚያሽከረክራት ባርኔጣ ዓይኑን ሳበችው። የምን ባርኔጣ ነው ብሎ ቢጠይቅ... የእንጨት! በገዛ ቶርኖው ያወጣት። ራስ ሞላላ ነው፤ ቶርኖ ደግሞ የሚያወጣው ክብ ነው። ሞላላ ነገር በቶርኖ ማውጣት የቻለ ልጅ እንዴት ይለቀቃል? ተቀጠረ። ይኸው መርዶክ በ1785 ሲሊንደሩ ራሱ የሚወዛወዝ ሞተር ሞዴል ሠራ። አዎ፣ አሁን አንተ ክፍልህ ውስጥ የምትታገላትን ዓይነት። ልብ በል ግን፤ መርዶክ ባርኔጣዋን አድርጎ ሥራ ሊጠይቅ ሄዷል። ቤቱ ቁጭ ብሎ «ጠብቂ፣ ሊዞር ነው» አላለም። አንተም ያቺ ሞተር ስትዞርልህ ቪዲዮዋን ስልክህ ላይ ይዘህ የቤት ዕቃ ቤቶችን በር አንኳኳ። 20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቀጥ አድርጎ የበሳ ሰው የመሳቢያ መገጣጠሚያ አያቅተውም።

የመጀመሪያዋ ዙር

ሁሉም ነገር ተገጥሞ ሲያልቅ አየር ከየት ይምጣ? ለመጀመሪያው ሙከራ የገዛ ትንፋሻችሁ ይበቃል። አንድ ወጣት ጠንከር አድርጎ ሲነፋ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 100 ግራም ያህል ግፊት ያወጣል። የፒስተኑ አናት ከ3 ካሬ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ፒስተኑን የሚገፋው 300 ግራም ያህል ክብደት ነው። ትንሽ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ለማስኬድ የመኪና ጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ በብስክሌት ፖምፓ በመጠኑ ነፍታችሁ ከሱ ቱቦ መሳብ ትችላላችሁ። ግፊቱ ዝቅ ያለና ረጋ ያለ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ጋ የምትሄዱ ግን ግፊቱን ዝቅ ሳያስደርጉ እንዳታገናኙ። ኮላው ይፈታና ክዳኑ ይወረወራል።

ስትነፉ ዝም ብሎ ቢቆም አትደንግጡ። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በራሱ አይነሳም፤ መንኮራኩሩን በጣት ገፋ አድርጉለት። ገፋ ስታደርጉት ግማሽ ዞሮ ከቆመ ሞላዋ ጠብቃለች ወይም ፒስተኑ ይነክሳል። ምንም ግፊት ሳይሰማው አየሩ «ሽሽሽ» ብሎ ከጎን የሚወጣ ከሆነ ገጹ ለጥ አላለም ማለት ነው፤ ወደ መስታወቱ ተመለሱ። በደንብ ይዞርና ከአምስት ደቂቃ በኋላ እየከበደው ከሄደ ደግሞ የትንፋሻችሁ እርጥበት ነው እንጨቱን ያሳበጠው። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ አድርቁት።

እና አንድ የመጨረሻ ነገር። ገፋ ባደረጋችሁት ቁጥር እየታገለ ወደኋላ መዞር ቢፈልግ ምንም አልተበላሸም። ቱቦውን ከአንደኛው ቀዳዳ ነቅላችሁ ሌላኛው ላይ ሰኩት። ማስገቢያው ማስወጫ፣ ማስወጫው ማስገቢያ ይሆናል፤ ሞተሩም ወደፈለጋችሁት አቅጣጫ ይዞራል።